ዘምዘም ተናግራ ነበር

ሰመራ ውስጥ ከቀትር በኋላ የሚንቀሳቀሰው ነፋሱ ብቻ ነው። ነፋስ ስላልኩ የሚያበርድ እንዳይመስላችሁ፤ የዳቦ መጋገሪያ በር ሲከፈት ፊት ላይ የሚመታው ዓይነት ነው። እዚህ የመጣሁት ልጄ ሰላም ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ «አባዬ፣ አንድ ወር እንኳ ከኛ ጋር ሰንብት» ብላኝ ነው። ወሩ አለቀ። ክርስትናው አለፈ፣ ድግሱ ተበላ፣ ለክርስትናው ከአዳማ የመጡት ዘመዶቼም «ይህን ሙቀት ለባለቤቱ» ብለው በማግስቱ ተሳፈሩ። እኔ ግን ይኸው እዚሁ ነኝ። ሰላም «አባዬን የልጅ ልጅ ፍቅር ያዘው» እያለች ለጎረቤት ታወራለች፣ እኔም አላስተባብልም። ነገሩ ግን ሌላ ነው።

የተጀመረው በትልቋ የልጅ ልጄ በቃልኪዳን የቤት ሥራ ነው። ቃልኪዳን ሦስተኛ ክፍል ናት። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ቬንትሌተሩ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ በሆዷ ተኝታ፣ ደብተሯን ዘርግታ ጮክ ብላ ታነባለች፤ «አይ ፊል ሲክ። አይ ፊል ዲዚ። አይ ፊል ፌይንት።» ከዚያ ቀና ብላ «አባባ፣ ፌይንት ማለት ምን ማለት ነው?» አለችኝ። እኔ ሠላሳ ምናምን ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ተነስቼ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ፣ ጥላ በሌለበት፣ ባዶ ራሴን ቆምኩ። ከኋላዬ «እማዬ፣ አባባ ዝም ብሎኝ ወጣ!» ብላ ስትከሰኝ ይሰማኛል።

በወጣትነቴ ያስተማርኩባት አዋሽ ሰባት ያኔ የባቡር ከተማ ነበረች። ዛሬ በዚያ ስታልፉ የምታዩት የከባድ መኪና ሰልፍ ነው፤ ወደ ገላፊ የሚወርድ፣ ከገላፊ የሚወጣ፣ ጎማ የሚያስነፋ። አሁን ወደ ሰመራ ስመጣ አውቶቡሳችን እዚያ ለቁርስ ቆሞ ነበርና እስከ ለገሃሩ በእግሬ ሄጄ፣ ሐዲዱ ላይ ፍየሎች ተኝተው አየሁ። ያኔ ከተማው የሚነቃው በባቡሩ ጡሩምባ ነበር። ከድሬዳዋ በኩል ሲመጣ ሐባብና ፓፓያ ይዞ ይመጣል፣ ብስኩት ይዞ ይመጣል፣ ከሁሉ በላይ ጨርቅ ይዞ ይመጣል። ጨርቁን የሚያመጡት ነጋዴ ሴቶች ሻንጣ ውስጥ አይከቱትም፤ ሻንጣማ ፊናንስ ፖሊስ ይበረብረዋል። ይለብሱታል እንጂ። አንዲት ሴት ስድስት ሰባት ቀሚስ ደራርባ፣ በላዩ ሁለት ሹራብ ጨምራ፣ በዚያ ሀሩር፣ ወፍራ ትወርዳለች። ከባቡር ወፍራ ወርዳ ከአከራዬ ከእትዬ ከድጃ ጓዳ ቀጥና የምትወጣ ሴት ያየሁት አዋሽ ላይ ብቻ ነው። አንዳንዷ ጓዳው ሳትደርስ ለገሃሩ ደጃፍ ላይ ትዘረጋለች። «አጥወለወለኝ»፣ «ዓይኔ ጨለመብኝ»፣ «ልቤ ጥፍት አለ» የሚሉትን ቃላት ጠግቤ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ ብርድ እንጂ ሙቀት ሰው እንደሚጥል አላውቅም ነበር።

እትዬ ከድጃ ከወሎ፣ ከባቲ በኩል የመጡ ሴት ናቸው። ከለገሃሩ ፊት ለፊት ትንሽ ምግብ ቤት ነበረቻቸው፣ እኔም ከጀርባዋ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ባለቤታቸው ሾፌር ነው፤ አሰብ ወርዶ፣ ጭኖ፣ አራግፎ፣ በወር አንዴ ብቅ ቢል ነው። ሻይ በስሙኒ ነበር። በሃምሳ ሳንቲም ሁለት ቦንቦሊኖ ይገኛል፤ ብር ከሃምሳ ያለው ደግሞ ሩዝ በፍየል ሥጋ ይበላል፣ ያውም ሥጋው በዓይን የሚታይ። የዚያን ጊዜ ወንድ ሁሉ ቴትሮን ሱሪ ነው የሚለብሰው። እኔም አንዲት ቡናማ ነበረችኝ፤ ፍራሽ ሥር አስተኝቻት ጠዋት እንደተተኮሰች ሆና ትነሳለች። እትዬ ከድጃ ቴፓቸውን ጠዋት በመንዙማ ይከፍቱታል፣ ከሰዓት በኋላ ሾፌሮቹ ያመጡት የፍቅር ካሴት ይገባበታል። ባትሪው ሲደክም ዘፋኙም ይደክምና ድምፁ ይጎተታል፤ ሾፌሮቹ ታዲያ «ቀይር» አይሉም፣ አብረውት እየጎተቱ ይዘፍናሉ። ዛሬም ቢሆን ያን ዘፈን በትክክለኛ ፍጥነቱ ስሰማው የሆነ ነገር የጎደለው ይመስለኛል።

በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል ሻይ የምታመላልሰው የበኩር ልጃቸው ዘምዘም ነበረች። ጠዋት ጠረጴዛ ትወለውላለች፣ ለቁርስተኛው ታድላለች፣ ከዚያ ደብተሯን ይዛ እኔ ወደማስተምርበት ክፍል ትመጣለች። ሰባተኛ ክፍል ናት። ቀጭን ናት፣ ቁመቷ ረዘም ያለ፣ ከንፈሯ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ሰማያዊነት ያደላ ነበር። ሾፌሮቹ «ይቺ ልጅ እንጆሪ በልታ ነው» እያሉ ይቀልዱባታል። እኔም አብሬ ስቄያለሁ። እንዲህ ያለ ከንፈር ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ የነበረብኝ ሰው ባልሆንም፣ ይቆጨኛል።

ትምህርት ቤታችን የቆርቆሮ ጣሪያ እንጂ ኮርኒስ አልነበረውም። ከአራት ሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ራሱ ቋ፣ ቋ እያለ መናገር ይጀምራል። የሰው ልጅ በዚያ ውስጥ ሲቀመጥ በየአምስት ደቂቃው አንድ በሽታ ይፈጥራል። «ቲቸር አመመኝ»፣ «ቲቸር አቅለሸለሸኝ»፣ «ቲቸር ዞረብኝ»። የታመመውና የሰነፈው አይለይም። እኔም ወጣት ነኝ፣ ብልህ የሆንኩ መሰለኝና ደንብ አወጣሁ። መውጣት ይቻላል፣ ግን የሚሰማህን በእንግሊዝኛ ትናገራለህ። «በእንግሊዝኛ ያልተነገረ ሕመም እኔ ክፍል ውስጥ ሕመም አይደለም» አልኳቸው። ይህን ዓረፍተ ነገር ስናገር ደስ ብሎኝ እንደነበረ አልደብቃችሁም።

ደንቡ ሠራ፣ ምን ያደርጋል! በሁለት ሳምንት ውስጥ ልጆቹ ከሰዋስው ሁሉ ይልቅ የሕመም ቃል አወቁ። ሲክ ያለ ይወጣል። ዲዚ ያለ ይወጣል። ቮሚት ያለ ሳይጠየቅ ይሮጣል፣ በዚያ ቃል የሚከራከር መምህር የለምና። አንድ ነገር ግን ያስቸግራቸው ነበር። በኛ ቋንቋ ሰውዬው ተቀምጦ ነው፣ ሕመሙ ነው መጥቶ የሚያደርገው፤ አመመኝ፣ አቅለሸለሸኝ፣ አንገሸገሸኝ እንላለን። በእንግሊዝኛ ግን «እኔ» ብለህ ከራስህ ትጀምራለህ። ተርቦ ምግብ ሲቀርብለት እንኳ «ጠግቤያለሁ» ለሚል ልጅ፣ ተነስቶ «እኔ» ማለት ቀላል አይደለም። ሰዒድ ለሚባለው ግን ቀላል ነበር። ሰዒድ የክፍሉ ቀልደኛ ነው። አንድ ቀን ተነስቶ «ቲቸር፣ አይ አም ዲስገስትድ» አለኝ፤ አንገሽግሾኛል ማለቱ ነው። «በምን?» ብለው «ባይ ማቲማቲክስ» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቃሉን በቦታው ስለተጠቀመበት እየሳቅኩ አስወጣሁት።

ዘምዘም ወጥታ አታውቅም። ቃላቱን ግን ከሁሉም በላይ የምታውቃቸው እሷ ነበረች። መጨረሻው ዴስክ ላይ ተቀምጣ፣ ለጎረቤቶቿ የሚፈልጉትን በሽታ በሹክሹክታ ታቀብላለች። ፊት ያለው ልጅ ተነስቶ «አይ ፊል...» ብሎ ሲገተር፣ ከኋላ የሷ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ያላየሁ እመስላለሁ። እንዲህ ዓይነት ተማሪ ያለው መምህር ልቡ ይሞላል፤ የኔም ሞልቶ ነበር።

ፈተና ሲቃረብ እነዚያን ቃላት በአንድ ትምህርት ልሰብስባቸው ብዬ ሰሌዳው ላይ ከላይ እስከ ታች ደረደርኳቸው። የማስተምረው ሁላችሁም በምታውቁት መንገድ ነው። አንዱ ይነሳና ይላል፣ ሌላው ይቀበላል። እኔ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ፣ እነሱ የቁርዓን ቤት ልጆች ናቸው፤ መቀበል ሁላችንም በጮርቃነታችን የለመድነው ነው። በዱላዬ ዴስኩን እመታለሁ፣ አንዱ ይነሳል፣ ዓረፍተ ነገሩን ይላል፣ አርባ ምናምን ልጅ ሦስት ሦስት ጊዜ ያስተጋባዋል። ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ቆም ብሎ ያዳምጠናል። ያን ቀን ደግሞ በጣም ሞቆን ነበር፣ በጣምም ደስ ብሎን ነበር።

ዘምዘም ላይ ሲደርስ በሰሌዳው ቅደም ተከተል የሚደርሳት ኖሺየስ የሚለው ነበር፣ አቅለሸለሸኝ። እሷ ግን ዴስኩን በሁለት እጇ ይዛ ተነሳችና «ቲቸር፣ አይ ፊል ፌይንት» አለች። ራሴን ልስት ነው ማለት ነው። ቃሉን መዝለሏን አይቻለሁ። ከበድ ያለውን የመረጠች መሰለኝ።

«ኤክሰለንት!» አልኩ። «ክላስ?»

«ቲቸር፣ አይ ፊል ፌይንት!» አለ ክፍሉ።

«አጌን!»

«ቲቸር፣ አይ ፊል ፌይንት!»

ዘምዘም አልተቀመጠችም። ዓይኗን ከኔ ሳትነቅል እንደገና አለችው። ድምጿ አንሶ ነበር። «ድምፅሽን ከፍ አድርጊ እንጂ፣ ሁሉም ይስማሽ» አልኳት። ሦስተኛ ጊዜ አፏን ስትከፍት አየሁ፤ ክፍሉ ግን እኔ ሳላዝዘው ቀደማትና የሷን አልሰማሁም። ወደቀች። የምታስመስል መስሏቸው ሁለት ሦስት ልጆች አጨበጨቡ።

ተሸክሜያት ወጣሁ። ክብደቷ ምንም አልነበረም። ከጤና ጣቢያው ወደ ናዝሬት የሚወጣ ሾፌር አሳፍሯት፣ እትዬ ከድጃ ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አድርገው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን አስከሬኗ ተመለሰ። ልቧ ነው አሉ፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሲደክም የኖረ ልብ ነው። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሐኪም ሁሉ፣ የሌላ ሰው ታሪክ አስመስዬ ጠይቄያለሁ። አብዛኞቹ «አምስት ደቂቃ ቀድማ ብትወጣም ለውጥ አልነበረውም» ይሉኛል። አንዱ ግን «ማን ያውቃል» ብሎኛል። እኔም ሌሊት ሌሊት የማምነው እሱን ነው።

ድንኳኑ የተተከለው ከምግብ ቤቱ አጠገብ ነበር። ዱዓው ተደርጎ፣ ሰው ትንሽ ሳሳ ሲል ገብቼ ከሴቶቹ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ሻይ ሰጡኝ። እትዬ ከድጃ ደረታቸውን እየመቱ እንዲህ ይሉ ነበር፤ «ጠዋት 'እማ፣ ዞረብኝ' አለችኝ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል፣ እጄ ሊጥ ነው፣ ተቆጣኋት። 'ሥራ ሲበዛ ነው የሚያምሽ! ሁለተኛ አመመኝ ስትዪ እንዳልሰማ!' አልኳት። ዝም ብላ ሄደች። ከዚያ በኋላ ለማንም ሳትናገር ደብቃ፣ ደብቃ ወደቀች። ምላሷን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ልጄን የገደልኳት እኔ ነኝ።» ሴቶቹ «አይበሉ፣ ከአላህ ነው» ይሏቸዋል። እኔ ሻዬን ይዤ አምስት እርምጃ ርቄ ተቀምጫለሁ። ተነስቼ «አልደበቀችም፣ ለኔ ነግራኛለች» ብል ኖሮ በበቃ ነበር። አላልኩም። ይሉኝታ ነው፣ ግራ መጋባት ነው እያልኩ ለራሴ ብዙ ስም አውጥቼለታለሁ፤ ፍርሃት ነው። ብርጭቆዬን ጨርሼ «እግዜር ያጥናዎት» ብዬ ወጣሁ። በዓመቱ ዝውውር ጠይቄ ናዝሬት ገባሁ። አግብቼ፣ ወልጄ፣ ጡረታ ወጣሁ። ያን ደንብ ዳግመኛ በየትኛውም ክፍል አልተጠቀምኩበትም። ተማሪ «አመመኝ» ሲለኝ በምንም ቋንቋ ይበለው፣ አስወጣዋለሁ፤ ባልደረቦቼ «ያንተ ክፍል እኮ ወንፊት ነው» ይሉኝ ነበር።

የሚገርመው የኖርኩበት አገር ነው። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ የሚሉት ነገር አላቸው። የቱንም ያህል ቢቸኩሉ ቁጭ ብለው፣ አንዱ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሌላው ይነግራል፣ ሌላውም በተራው። ያዩትን ይዞ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አፋር ነበርና ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ አቁሞ ሌሊቱን የሆነውን ሁሉ ይነግረኝ፣ ከዚያም «አንተስ?» ይለኝ ነበር። ዘምዘም በሞተችበት ሳምንትም «አንተስ?» ብሎኛል። «ደህና ነው፣ ምንም የለም» አልኩት።

ከቃልኪዳን የቤት ሥራ ሦስት ቀን በኋላ ነው፣ ነጠላ ጫማዬ ተበጥሶ ሎግያ ልገዛ ሄድኩ። ሎግያ ለሰመራ ቅርብ ናት፣ በባጃጅ ይደረሳል። አንድ ሱቅ በር ላይ ሽርጥ ያገለደመ፣ ጢሙ የሸበተ፣ ሆዱ ገፋ ያለ ሰው ትክ ብሎ አየኝና «ቲቸር?» አለ። ሰዒድ ነው። ያ በሒሳብ የሚያንገሸግሸው ልጅ አሁን የመኪና ጎማና ዘይት ይሸጣል። «ሒሳቡ እንዴት ሆነ ታዲያ?» ብለው እስኪያስለው ሳቀ። ቀዝቃዛ ውኃ ከፈተልኝ። ስለ ለገሃሩ፣ ስለ ቴፑ፣ ስድስት ቀሚስ ስለሚለብሱት ሴቶች አወራን። ከዚያ ያላነሳነው አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ቲቸር» አለ በመጨረሻ፣ ውኃውን እያየ። «እኛም እኮ ጮኸናል። ከኔ በላይ የጮኸ አልነበረም።»

«ልጆች ነበራችሁ» አልኩት።

«ልጆች ነበርን። ግን ነግራን ነበር፣ አይደል?»

«ነግራን ነበር።»

«እናቷ ሰመራ ናቸው፣ ከትንሹ ልጃቸው ጋር። ዘይት ሊገዛ ሲመጣ ሰላምታ እልክላቸዋለሁ። ባለፈው ረመዳን ቤታቸው አፍጥሬ ነበር። ዛሬም ያንኑ ነው የሚሉት፤ 'ምላሷን ያሰርኩት እኔ ነኝ' ይላሉ።»

«ለምን አልነገርካቸውም?»

ሰዒድ ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም። «እርስዎ ያልነገሩትን እኛ ምን ብለን?» አለ።

በማግስቱ ከአሱር ሶላት በኋላ ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ የልጃቸው ሚስት ናት፤ አስገብታኝ ወደ ሥራዋ ሄደች። እትዬ ከድጃ ሰሌን ላይ ግድግዳ ተደግፈው ሙስበሃ ይቆጥራሉ። ዓይናቸው ሞራ ለብሷል፣ በድምፄ ግን ወዲያው ለዩኝ።

«መምህር! አንቱ ነዎት? አሉ እንዴ በሕይወት! ይቀመጡ፣ ይቀመጡ። ልጆች ደህና? ባለቤትዎስ?» ባለቤቴ ማረፏን ስነግራቸው ከልባቸው አዘኑ፤ እንዴት እንደሞተች፣ ማን እንዳስታመማት፣ ሁሉንም ጠየቁኝ። ያ ደግነታቸው ነው ያስቸገረኝ። ከዚያ ራሳቸው ስለ ዘምዘም አነሱ፣ ስለዚያ ጠዋትና ስለ ሊጡ። መቼም ሲያወሩት የኖሩት ነገር ነውና ድምፃቸው እንኳ አልተለወጠም።

«እትዬ ከድጃ፣ ዘምዘም አልደበቀችም» አልኩ። «ተናግራለች።»

ሙስበሃው ቆመ። «ለማን?»

«ለኔ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ደንቡን፣ ሰሌዳውን፣ ዴስኩን በሁለት እጇ መያዟን። ሳልጨምር ሳልቀንስ። «በእንግሊዝኛ ሁለት ጊዜ ነገረችኝ፣ ሦስተኛውን አልሰማሁትም። ትምህርቱን የምትደግም መሰለኝ። 'በጣም ጥሩ' አልኳት።»

«በጣም ጥሩ አልካት» አሉ። አንቱታው እዚያ ላይ ቀረ።

«አዎ።»

«እንግዲያው ምላሷ አልታሰረም።»

«አልታሰረም።»

ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ብዙ አለቀሱ። አልቅሰው ሲጨርሱ ፊታቸው ቀሎት ነበር፤ አንድ አፍታ ብቻ። ከዚያ የሆነ ነገር ትዝ አላቸው።

«ድንኳኑ ውስጥ ነበርክ» አሉ። «ሻይ ይዘህ። 'እኔ ነኝ የገደልኳት' ስል ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ።»

«መሳሳትህ ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው፤ እሱን ልተወው እችል ይሆናል። ዝም ያልከውን ግን አንተ ነህ የጻፍከው። እኔ ይቺን ልጅ ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ ቁጣዬ ነው። ፊቷ አይመጣም። ይሄን ሁሉ ዓመት አንዴ እንኳ ፊቷ መጥቶልኝ አያውቅም። ፊቷን ነው የወሰድክብኝ።»

ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ያዝኩ። «ይቅር ይበሉኝ።»

«ተነስ። ዛሬ አይሆንልኝም።»

ተነሳሁ። ጫማዬን በር ላይ ሳደርግ ጠሩኝ።

«ነገ በዚሁ ሰዓት ና» አሉ። «ይቅር ልልህ አይደለም፤ እሱን አላህ ልቤ ላይ ካስቀመጠው ያን ጊዜ ይታያል። አባቷ ሞቷል። ወንድሟ ያኔ ጡት ላይ ነበር፣ አያውቃትም። ክፍል ውስጥ እንዴት እንደምትቀመጥ፣ ምን እንደሚያስቃት የምታውቀው አንተ ነህ። ትነግረኛለህ።»

ይኸው ከሰመራ ያልሄድኩት ለዚህ ነው። በየቀኑ ከአሱር በኋላ እሄዳለሁ። ለጎረቤቶቿ በሽታ በሹክሹክታ ስታቀብል የነበረውን ስነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፣ በማግስቱም ደግመው አስነገሩኝ። እስክሪብቶዋን ጆሮዋ ላይ እንደምትሰካ፣ ስትጽፍ ምላሷን በከንፈሯ ዳር እንደምታወጣ፣ ከዝናብ በኋላ መስኮት አጠገብ ካልተቀመጥኩ እንደምትል ነገርኳቸው። አንድ ቀን የማላስታውሰውን ፈጥሬ ልጨምር ስል «እሱን ዋሸህ» አሉኝ፤ ሁለተኛ አልሞከርኩም። ይቅር አላሉኝም። ሰላምም «አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ትኬት የምቆርጥልህ መቼ ነው?» ትለኛለች፤ «ሲበርድ» እላታለሁ።

ትናንት ግን እግሬን እየጎተትኩ ነው የሄድኩት። ያስተማርኳት ሁለት ዓመት ብቻ ነው፣ የማውቀው ዘምዘም አለቀብኝ። ሰሌኑ ላይ ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ ከዚህ ሌላ የማውቀው የለኝም» አልኳቸው።

ሙስበሃቸውን መቁጠር ቀጠሉ። ውጭ ነፋሱ ቆርቆሮውን እየነቀነቀ ነበር። ሊያሰናብቱኝ ነው ብዬ ጫማዬን በዓይኔ ፈለግሁ።

«ስትወለድ ዝናብ ይጥል ነበር» አሉ በመጨረሻ፣ ሞራ የለበሰ ዓይናቸውን ወደኔ አዙረው። «አዋሽ ላይ፣ ዝናብ! አዋላጇ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። ክብ ነበር ፊቷ። ቅንድቧ የአባቷ ነው፣ ግንባሯ ላይ ደግሞ እዚህ ጋ፣ ትንሽ ምልክት ነበራት። ወደዚህ ቅረብ፣ ላሳይህ።»

ቀረብኩ። ጣታቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው ቦታውን አሳዩኝ።